ሞራው ሲገፈፍ ብሌኑ ምን ይከፍላል?

«ሞራው ተገፈፈለት» የሚል ወሬ ሲሰማ ደስ የማይለው ሰው የለም። ትናንት በልጅ ልጁ እጅ እየተመራ የመጣው ሽማግሌ በማግሥቱ ሻሹ ሲፈታለት ብቻውን ይራመዳል። በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት ከመቶ ሰው 1.6ቱ ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፣ የግማሽ ያህሉ ምክንያት የዓይን ሞራ ነበር። ስለዚህ ሕክምናው ለአገራችን እጅግ አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ሌንሱ ሲወጣ ዓይን የሚከፍለው አንድ ዋጋ አለ። ዋጋው በብዙ ሰው ላይ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ማዕዘኑ በጠበበ ዓይን ላይ ግን ከፍ ይላል። ይህ ምን እንደ ሆነ፣ በተለይም እንደ ጋምቤላ ከዋናው ከተማ ርቆ ለሚኖር ሕዝብ ምን ማለት እንደ ሆነ በአጭሩ እንመልከት።

በዓይናችን ፊት ለፊት እንደ ሰዓት መስተዋት የጠራ ሽፋን አለ። ሐኪሞች ኮርኒያ ይሉታል፤ ስለ ዓይን ልገሳ ሲነገር «የዓይን ብሌን» የሚባለውም እርሱ ነው። ውፍረቱ በመካከሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በውስጥ በኩል፣ በጀርባው ላይ፣ አንድ ረድፍ ብቻ የሆኑ ሕዋሳት ጎን ለጎን ተነጥፈዋል። ከዓይን ውስጥ ወደ ኮርኒያው የሚሰርገውን ውኃ ሌሊትና ቀን መልሰው የሚያወጡት እነዚህ ናቸው። ኮርኒያው ጠርቶ ብርሃን የሚያሳልፈው በእነርሱ ድካም ነው።

የጋምቤላ ልጅ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም። ከግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ባሮን ሲሻገሩ ታንኳው ውኃ ቢያስገባ፣ አንዱ ሲቀዝፍ ሌላው በቅል እየቀዳ ያፈሳል። ቀጂዎቹ ብዙ ከሆኑ አንዱ ቢደክም ችግር የለም፤ ጥቂት ሆነው ሲቀሩ ግን ውኃው ያሸንፋል። የኮርኒያ ሕዋሳትም እንዲሁ ናቸው። በወጣት ዓይን በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 3,000 ያህል ይገኛሉ፤ በየዓመቱም ከመቶ 0.6 ያህል ይቀንሳሉ። በሰው ዓይን ውስጥ የሞተው አይተካም፤ ጎረቤቶቹ ተለጥጠው ቦታውን ይሸፍኑለታል እንጂ። ቁጥራቸው ወደ 500 ገደማ ሲወርድ ኮርኒያው ውኃ ይቋጥራል፣ ያብጣል፣ ይደበዝዛል፣ ያማልም። ትራኮማ ኮርኒያን ከፊት በኩል እየፋቀ የሚያጠፋ ሲሆን፣ ይኸኛው ጥፋት ከኋላ በኩል የሚመጣ ነው።

አሁን ወደ ማዕዘኑ እንምጣ። በዓይን ውስጥ ዘወትር የሚመነጭ ጥሩ ውኃ አለ፤ መውጫውም ኮርኒያውና አይሪሱ በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነው። ሰው ዕድሜው ሲገፋ የዓይኑ ሌንስ እየወፈረ ይሄዳል። ዓይኑ ከመጀመሪያው አጠር ያለ ከሆነ የወፈረው ሌንስ አይሪሱን ወደ ፊት ይገፋና መውጫውን ያጠበዋል። መውጫው ሲዘጋ ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱም የማየት ነርቭን ይገድላል። ይህ አንዱ የግላኮማ ዓይነት ነው። በ1998ቱ ጥናት ግላኮማ በጠቅላላው ከዓይነ ስውሮቹ ከመቶ 5.2 ለሚሆኑት ምክንያት ሆኖ ተገኝቷል። ሞራ ያሳጣውን ብርሃን ሐኪም ሊመልሰው ይችላል፤ ግላኮማ የወሰደውን ግን የሚመልስ የለም።

መውጫው ቀስ በቀስ ሊዘጋ ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን በድንገት ይዘጋል። ያን ጊዜ ዓይኑ ይቀላል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ያስታውካል፣ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ክብ ይታያል። ወባ በሚበዛበት እንደ ጋምቤላ ባለ ቆላ ራስ ምታትና ትውከት ሲታይ በመጀመሪያ የሚታሰበው ወባ መሆኑ አያስገርምም። ነገር ግን አንድ ዓይን ቀልቶና ደብዝዞ ከሆነ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ጤናማ ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ በእንዲህ ያለ ሕመም ጊዜ ከ50 በላይ ሊወጣ ይችላል። ይህ ግፊትና የሚከተለው ቁጣ ነርቡን ብቻ ሳይሆን ቀጂዎቹን ሕዋሳትም ይፈጃል። እንግዲህ በሽተኛው ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ከሕዋሳቱ ብዙውን ቀድሞ አጥቶ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? ጥፋተኛው የወፈረው ሌንስ ስለ ሆነ፣ እርሱን አውጥቶ በቀጭን ሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት መውጫውን ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በ419 በሽተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ሞራ ባይኖርም እንኳ ሌንሱን ቀድሞ ማውጣት አይሪሱን በሌዘር ከመብሳት የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ አሳይቷል። ጥናቱ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ግፊታቸው በጣም የጨመረ ወይም ነርባቸው መጎዳት የጀመረ ሰዎችን የሚመለከት ነበር።

ዋጋው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊው ዶክተር ቻርልስ ኬልማን እ.ኤ.አ. በ1967 ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ሞገድ ሌንሱን ሰባብሮ የመምጠጥን ዘዴ አስጀመረ። በአገራችን በዘመቻ በሚሰጠው ሕክምና ደግሞ ሌንሱን ሳይሰባብሩ በትንሽ ቀዳዳ ማውጣት የተለመደ ነው። በሁለቱም ዘዴ የኮርኒያ ሕዋሳት ይቀንሳሉ፤ ደኅና በተሠራ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ይጠፋሉ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ቅነሳው ከተፈጥሮው የፈጠነ ሆኖ፣ በዓመት ከመቶ 2.5 ያህል መድረሱ ተጽፏል። ማዕዘኑ በጠበበ ዓይን በኮርኒያውና በሌንሱ መካከል ያለው ስፍራ ከጤናማው 3 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለ ሆነ፣ ሞገዱም፣ ስብርባሪውም፣ ሙሉው ሌንስም ወደ ሕዋሳቱ ይቀርባሉ። ሌንሱ ቆይቶ የጠነከረ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

ይህ ማለት ሕክምናው ይቅር ማለት አይደለም። ነርቭ ከሞተ በኋላ የጠራ ኮርኒያ ምን ይረባል? ነገሩ ጥንቃቄ ይደረግ ማለት ነው። ሐኪሙ በቅድሚያ ግፊቱን በመድኃኒት ያወርዳል፤ ቁጣው እስኪበርድ መታገሥ የሚቻል ከሆነም ይታገሣል። በሥራው ጊዜ ወፍራም ማር የመሰለ ፈሳሽ በኮርኒያው ጀርባ ላይ አድርጎ ሕዋሳቱን ይጋርዳል፤ ሌንሱንም ከኮርኒያው አርቆ ይሠራል። መሣሪያው ባለበት ስፍራ ደግሞ ሕዋሳቱን አስቀድሞ ይቆጥራል። በዘመቻ ቀን ብዙ ሰው ተሰልፎ ሲጠብቅ እንኳ ጠባቡን ዓይን ከሌላው ለይቶ ለሠለጠነው እጅ ማቆየት ከጥበብ የሚቆጠር ነው።

ኮርኒያው ደክሞ ከደበዘዘ የሚቀረው መፍትሔ ከሞተ ሰው የተለገሰ ብሌን መተካት ነው። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. የተቋቋመው አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ከጋምቤላ እስከዚያ ደግሞ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የጎሬንና የበደሌን ዳገት ለዓይን ምርመራ ደጋግሞ መመላለስ ለአንዲት አሮጊት ቀላል አይደለም። በከተማ ያለው በሽተኛ ቢያጣ ሌላ ይፈለግለት ይሆናል፤ ለሩቁ ሰው ግን በእጁ ያለው ሕዋስ ብቸኛ ሀብቱ ነው። ስለዚህ ሩቅ ለሆነው ሰው ጥንቃቄው ይበልጥ እንጂ ያንስ ዘንድ አይገባም።

እንግዲህ፣ ውድ አንባቢ፣ ለክረምት ዕረፍት ወደ አገርህ ስትገባ አያትህ ማታ መብራቱ ቀስተ ደመና ለበሰብኝ፣ ራሴንም ፈለጠኝ ብትልህ፣ እርጅና ነው ብለህ አትለፋት። ወባዋን አስመርምር፤ ዓይኗንም በዚያው ቀን አሳይላት። በአንዲት ሌሊት መዘግየት የሚያልቁትን ሕዋሳት ኋላ የሚመልሳቸው ሐኪም አይገኝምና።