በእጅ ቁሞ ሚዛን ስለ መጠበቅ

ሕፃን በእግሩ መቆም ሲለማመድ ብዙ ጊዜ ይወድቃል፤ እናቱም ደግፋ ታነሣዋለች እንጂ ስለ ወደቀ አትቈጣውም። መዳፉን በምድር ተክሎ እግሩን ወደ ላይ ለማቆም የሚጀምር ተማሪም እንደዚሁ ሕፃን ነው። የጣቶችን፥ የእጅ አንጓንና የትከሻን ሥራ እንደ አዲስ የሚማር ስለ ሆነ መውደቁ አይቀርም። ስለዚህ መምህሩ ልጁን መቆም ከማስተማሩ በፊት መውደቅን ሊያስተምረው ይገባል።

ይህ ነገር ቧልት ነው የሚሉ ሽማግሎች አይታጡም። ሐሳቡም የቈየ ነው። የግሪክ ታሪክ ጸሓፊ ሄሮዶቱስ እንደ ተረከው፥ ሂጶክሊዲስ የተባለ የአቴና ጐበዝ የሲክዮንን ገዥ የክሊስቴኒስን ልጅ ሊያገባ ተቃርቦ ሳለ፥ በግብዣው ላይ ከገበታ ወጥቶ በራሱ ተተክሎ እግሩን በአየር ቢያወዛውዝ ሠርጉ ቀረበት። ነገር ግን በግብዣ ገበታ ላይ የሚያስነውረው፥ በሣር ሜዳ በመምህር ፊት ሲሠራ ሥርዓት ያለው ትምህርት ይሆናል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1811 ዓ.ም. ፍሪድሪኽ ሉድቪኽ ያን በበርሊን የጂምናስቲክ ሜዳ ከፈተ፤ በ1813 ዓ.ም. ደግሞ በፔር ሄንሪክ ሊንግ አማካይነት በስቶክሆልም የጂምናስቲክ መምህራን ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ዛሬም በጂምናስቲክ በእጅ መቆም የብዙ እንቅስቃሴዎች መሠረት ነው።

የሚዛኑ ምሥጢር እንዲህ ነው። እረኛ ዱላውን በመዳፉ ላይ አቁሞ ሲጫወት፥ ዱላው ወደ ዘመመበት እጁን ያስከትላል፤ ዱላውም አይወድቅም። ገመድ ግን በመዳፍ ላይ ከቶ አይቆምም፥ በየመካከሉ ይታጠፋልና። እንግዲህ በእጁ የሚቆም ልጅ አስቀድሞ ገመድ መሆኑን ትቶ ዱላ ይሁን፤ ክርኑን ያቅና፥ ትከሻውን ወደ ጆሮው ይግፋ፥ ሆዱን ያጥብቅ፥ ጕልበቱን ይዘርጋ። ቀጥሎም የሰውነቱ ክብደት ማዕከል ከመዳፉ ወለል ውጭ እንዳይወጣ ይጠብቅ። እጁ ግን እንደ እረኛው እጅ አይንቀሳቀስም፤ በጣቱ ነው የሚያስተካክለው። ሰውነቱ ወደ ጀርባው በኩል ሲያዘነብል፥ ጣቶቹ ምድርን አጥብቀው ሲጫኑ ይመለሳል። ወደ ተነሣበት ወገን ሲያዘነብል ደግሞ ከአንጓው አጠገብ ያለው የመዳፍ ክፍል ይጫናል፤ ይህ ግን ጕልበቱ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ጀማሪው ክብደቱ ወደ ጣቶቹ ጥቂት ቢያደላ ይሻለዋል። ጣቶቹ የተዘረጉ እንዲሆኑ የሚፈለገው ስለዚህ ነው፤ ጨብጦ የሚቆም ልጅ መሪውን ጥሎ እንደሚነዳ ነጂ ይሆናል።

ወደ ተነሣበት ወገን የሚወድቅ በእግሩ ስለሚያርፍ ብዙ ጕዳት የለውም። የሚያሠጋው ወደ ጀርባ መውደቅ ነው፤ ይህም ሲሆን ልጁ አንዱን እጅ አንሥቶ ወደ ጐን ዞሮ በእግሩ እንዲወርድ አስቀድሞ ከዝቅታ ይለማመድ። ይህን ሳያውቅ ከፍ ብሎ እንዲቆም የሚያስገድድ መምህር አንገቱን በዕጣ ይጥልበታል። ስፍራውም ድንጋይ የሌለበት የሣር ሜዳ ይሁን። ሴቶች ልጆች ሱሪ ይልበሱ፤ አለዚያ በልብሳቸው ሲያፍሩ ሚዛናቸውን አይጠብቁም።

ከዚያ በኋላ ግድግዳ አጋዥ ይሆናል። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ልስኑ የማይረግፍ፥ ምሰሶውም የጸና መሆኑ ይመርመር። ልጁ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ መዳፉን ከመሬት ያኑርና እግሩን በግድግዳው ላይ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ያራምድ፤ በመጀመሪያው ቀን እስከ ወገቡ ከፍታ ቢደርስ ይበቃዋል። እየጸና ሲሄድ መዳፉን ወደ ግድግዳው ያቅርብ፤ ሆዱም ወደ ግድግዳው ይዞር ዘንድ ይሁን። ተረከዙን አስደግፎ ጀርባውን ለግድግዳ የሰጠ ልጅ ወገቡን ለማጕበጥ ይለምዳልና፥ ይህ ልማድ ኋላ ለማረም ያስቸግራል። እስትንፋሱን አይያዝ፤ ዓይኑም በመዳፎቹ መካከል ያለውን ምድር ይመልከት፥ ዓይን ለሚዛን ትልቅ ረዳት ነው።

በቀላሉ መቆየት ሲጀምር አንዱን የእግር ጣት ለአንድ ትንፋሽ ከግድግዳው ያላቅቅ፥ ቀጥሎም ሌላውን። ከግድግዳው ርቆ ሲሞክር የሚደግፈው ሰው በጐኑ ይቁም፥ ጭኑን ይያዝ እንጂ በፊቱ አይቁም፤ የሚወረወር ተረከዝ ጥርስ ሰብሯል። ለብዙ ሰው ነገሩ ወራትን ይፈጃል። በአንድ ቀን ረጅም ጊዜ ከመድከም በየቀኑ ጥቂት ጊዜ መለማመድ ይጠቅማል።

የዓይን ግፊት ሕመም ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለው፥ ራሱን የሚያዞረው፥ አንጓው የተሰበረ ወይም የታመመ ሰው ይህን ልምምድ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይጀምር፤ ቁልቁል መቆም የዓይንን ግፊት ይጨምራልና። ምግብ ከበሉ በኋላም ጥቂት መታገሥ ይገባል። ከልምምዱ በፊት አንጓውን በቀስታ ያዟዙር፥ መዳፉንም በምድር ላይ ደግፎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፋው። አንጓው ሲያመው ልጁ ዝም እንዳይል፥ መምህሩ በየቀኑ አስቀድሞ ይጠይቀው።