ድንኳን ይዛችሁ ወደ ጮቄ ስትወጡ

ለምክር ከሚመጡ ጥንዶች አፍ ዘወትር የምንሰማው ቃል «ጊዜ የለንም» የሚል ነው። ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያና ስለ ዘይት ዋጋ ካልሆነ በቀር ሳይጫወቱ ዓመት ያልፋል። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን መብል መብያ እንኳ ጊዜ ሲያጡ ገለል ብለው ጥቂት እንዲያርፉ እንደ ነገራቸው በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ታነባላችሁ። ታዲያ እኛ ዕረፍትን ስለ ምን እንደ ስንፍና እንቆጥረዋለን? ሁለት ሦስት ጥንዶች ሆናችሁ በድንኳን የምታድሩበት አንድ ስፍራ ልንገራችሁ፤ በምሥራቅ ጎጃም የሚገኘው የጮቄ ተራራ ነው።

ቀኑን ግን ገና አትቁረጡ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ አንሥቶ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የጎጃም መንገድ ብዙ ጊዜ ተዘግቷል፤ ብዙ ቤተሰብም አዝኗል። አንዳንድ ባሎች «እግዚአብሔር ይጠብቀናል» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ይጠብቃል፤ ነገር ግን ደብረ ማርቆስ ያሉ ወገኖችን ደውሎ ሳይጠይቁ መነሣት እምነት አይባልም። ሚስት «ፈርቻለሁ» ካለችም ጉዞው ይቆይ። ሰላሙ እስኪረጋገጥ ድንኳኑን በግቢያችሁ ትከሉና አንድ ሌሊት እደሩበት። የትኛው ካስማ እንደ ጎደለና ማን እንደሚያንኮራፋ ቀድሞ ማወቅ መልካም ነው! አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ፣ የአካባቢውን ሰላም ጠይቃችሁ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ባለው የመናገሻ ሱባ ደን ልትለማመዱ ትችላላችሁ።

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፍቼና በጎሐ ጽዮን አልፋችሁ የዓባይን በረሃ ትወርዳላችሁ፤ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራውን ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ደጀን ትወጣላችሁ። በዚያው ቀን ወደ ተራራው አትቀጥሉ። ድሮ መንቆረር ትባል በነበረችው በደብረ ማርቆስ እደሩ፤ ከተማዋ ራሷ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ሰውነታችሁን ታለማምድላችኋለች። የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከዝቅተኛ ቦታ የሚመጡ፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡሮችና የልብ ሕመም ያለባቸው ሐኪም ያማክሩ። ከፍታው ላይ ቀላል ራስ ምታት ሊኖር ይችላል፤ ማስታወክና መንገዳገድ ከተጨመረበት ግን ጸልዩ፣ እየጸለያችሁም ወዲያው ውረዱ።

ወቅቱ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ይሁን፤ ክረምት ጭቃው መኪና አያሳልፍም። በበጋ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። በአንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ ብርዱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ጋቢ፣ የሱፍ ካልሲ፣ ከመሬት የሚለይ ፍራሽ ያዙ፤ የጎጃም ሰው በርኖስ የሚደርበው ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ብርዱ ቢበረታም ከሰል ወደ ድንኳን አታስገቡ! ፍሙ ጭስ ባይኖረውም ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በየከተማው በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድደው ተኝተው ስለ ቀሩ ሰዎች ያልሰማ ማን አለ? ምግባችሁን በውጭ አብስሉ፤ በጋለ ድንጋይ ከመሞቅ ይልቅም ፍል ውኃ በጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ።

በከፍታ ላይ ውኃ ሳይግል ስለሚፈላ ምስርና ባቄላ ቶሎ አይበስልም። ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ይበቃሉ። ቡታጋዝ ያዙ እንጂ ማገዶ አትቁረጡ፤ አስታውና አምጃው በእርሻና በማገዶ ተመናምኗል። ጮቄ የጨሞጋና የሙጋ ወንዞች መነሻ ነው፤ ከምንጩ ላይ በኦሞ ድስት ብታጥቡ ከታች የሚጠጣው የሰው ልጅ ነው። መጸዳጃ ከውኃው ርቃችሁ ቆፍሩ፣ ቆሻሻችሁንም ይዛችሁ ውረዱ። ጅባራውን ለፎቶግራፍ ብላችሁ አትስበሩት። ድንኳን የማይሆንላችሁ፣ በአካባቢው የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደር አለ፤ የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል።

ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ቀበሌውንና የግጦሹን ባለቤት አስፈቅዱ። የአካባቢው ሕዝብ አብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው፤ በጾም ቀን በሜዳው ላይ ሥጋ አትጥበሱ፣ ድምፅ ማጉያም ይቅርባችሁ። ሽማግሌው «ቡና ጠጡ» ካሉ ተቀመጡ እንጂ አትቸኩሉ።

የአገልጋይ ቤተሰቦች ደግሞ ሰኞ ተነሥታችሁ ዓርብ ብትመለሱ ይሻላል፤ እሑድን ካስጠጋችሁት ባልየው በተራራው ላይ ስብከት ሲያዘጋጅ ያመሻል። ልጆቹን አያታቸው ዘንድ አድርሱ፣ ለጉባኤው ተጠሪ ሰይሙ፣ ስልክም ከሁለታችሁ አንዱ ብቻ ይያዝ።