ቆርቆሮው ለምን ይጮኻል?

ሐምሌ ላይ ጌዶ ውስጥ ቤት ተቀምጦ ፖለቲካ ማውራት ከባድ ነው። ሰው ስለፈራ አይደለም፤ ስለማይደማመጥ ነው። አንዱ የዶላሩን ነገር አንስቶ፣ ሌላው «ቆይ እኔ ልንገርህ» ብሎ ገና ሲጀምር ያ ጩኸት ከጣሪያው ይወርዳል። ሬዲዮው የሁለት ሰዓቱን ዜና ማንበቡን አይተውም፤ ሚኒስትሩ ምን እንዳሉ ግን ሚኒስትሩና ሬዲዮው ብቻ ያውቃሉ። ዝናቡ ሲያባራ ክርክሩ የት ላይ እንደተቋረጠ የሚያስታውስ አይገኝም።

ከአምቦ ተነስቶ በጉደር በኩል ወደ ነቀምቴ የሚሄደው መንገድ ሽቅብ ሲወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ ይመጣል፤ ጌዶ ስትደርሱ ደመናው ቅርብ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ጣሪያ አብዛኛው ቆርቆሮ ነው። ክረምት ይጮኻል። ኅዳርና ታኅሣሥ ዝናብ ሳይኖር ያንጠባጥባል። ማታ ማታ ደግሞ ሌባ የወጣበት ይመስል ይንቋቋል። በሦስቱም እንማረራለን። ሦስቱም የሚመጡት ግን ከአንድ ባሕርይው ነው፤ ቆርቆሮ ቀጭን ነው። ርካሽና ቀላል ሆኖ ከየቤታችን አናት ላይ የወጣውም በዚሁ ቀጭንነቱ ነው።

ስንት ቢሆን ነው ውፍረቱ? የተለመደው የቤት ቆርቆሮ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለ ስስ ብረት ዝርግ ቢሆን ኖሮ በራሱ ክብደት ይጎብጥ ነበር። አናጢው ግን ይራመድበታል።

ምስጢሩን ለማየት ከልጆቹ ደብተር አንድ ቅጠል ለምኑ። ሁለት ብርጭቆ አራርቃችሁ አስቀምጡና ወረቀቱን ከአንዱ ወደ ሌላው አጋድሙት። መሐሉ ላይ የቤት ቁልፍ ጣል አድርጉ። ወረቀቱ እጥፍ ብሎ ቁልፉን ይጥለዋል። አሁን ያንኑ ወረቀት ወዲያና ወዲህ እየመለሳችሁ በጣት ስፋት እጠፉትና ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ እንደገና አጋድሙት፤ እጥፋቶቹ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ይሂዱ። ቁልፉን ይሸከማል። ምናልባት ዘለላውን በሙሉ።

ወረቀቱ አልወፈረም፤ ሌላ ነገር ሆነ። አንድ ነገር ሲጎብጥ ላይኛው ፊቱ ይጨመቃል፣ ታችኛው ይለጠጣል። መሐሉ ላይ ያለው ክፍል ግን ምንም አይደርስበትም፤ ስለዚህ ምንም አያግዝም። ዝርግ ወረቀት ደግሞ ሁለመናው መሐል ነው። ሲታጠፍ ገሚሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ገሚሱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ያኔ አንዱ መጨመቁን፣ ሌላው መለጠጡን ይታገላል።

ወረቀቱን ወደ ጎን አዙራችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። ቁልፉ ይወድቃል። ጥንካሬው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ አናጢው ሞራሌውን በጉብታዎቹ አግድም የሚመታው ለዚህ ነው።

ይህን በብረት ሠርቶ የባለቤትነት መብት ያወጣበት ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለ የለንደን ወደብ መሐንዲስ ነው፤ በፈረንጆቹ 1829። ለወደቡ ሰፊ መጋዘን ይፈልግ ነበር። ጉብታው ግን እሱ ከፈለገው በላይ ጠቀመ፤ አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ ልክክ ብሎ ስለሚቀመጥ ሃያው ተደራርቦ ስንዝር አይሞላም። ይህ ለእኛም በጀን፤ የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በፈረንጆቹ 1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከዚያ ቀድሞ አዲስ አበባ የደረሰ ቆርቆሮ በጭነት ከብት ጀርባ ነው የመጣው። የሸክላ ጣሪያ ቢሆን ማን ይሸከመው ነበር?

አሁን ወደ ጩኸቱ።

ትልቅ የዝናብ ጠብታ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 9 ሜትር ያህል ነው፤ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ካፊያ ከሆነ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። አየር ባይይዘው ኖሮ ከአንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ የወደቀ ጠብታ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር እየበረረ ይደርስ ነበር፤ ያኔ የምናማርረው ስለ ጩኸት አይሆንም ነበር። እንዲያም ሆኖ ጠብታው ሲያርፍ ጉልበቱን የሆነ ቦታ ማራገፍ አለበት። የሳር ክዳን ላይ ሲያርፍ ሳሩ ይተጣጠፋል፣ በሳሩ መሐል የታሰረው አየርም ጉልበቱን ይበላዋል፤ ድምፁ እዚያው ይቀራል። ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ግን በሁለት ሞራሌ መሐል ያለው ስስ ብረት ይርገበገባል፣ አየሩን ይገፋል፣ አየሩም የእኛን ጆሮ።

ትሪና አንድ እፍኝ ምስር አምጡ። ትሪውን አንድ ሰው ከጠርዙ አንጠልጥሎ ይያዝ፤ እናንተ ምስሩን ከክንድ ከፍታ ልቀቁት። ጌዶ በሐምሌ ማለት ይህ ነው። ቀጥሎ ያው ሰው መዳፉን ከትሪው ሥር ጥብቅ አድርጎ ይደግፍና ምስሩን ድገሙት። ድምፁ ግማሽ በግማሽ የሞተ ይመስላል። በሦስተኛው እጁን ያንሳና እናንተ ትሪው ላይ እርጥብ ፎጣ አንጥፉ። አሁን ከሞላ ጎደል ጸጥ ይላል። (ምስሩን ቆጥራችሁ መልሱ፤ የወጥ ምስር ዛሬ ለሙከራ የሚበተን ዕቃ አይደለም።)

መዳፉ ያደረገው ብረቱ እንዳይርገበገብ መያዝ ነው። ምስማሩ የላላ ጣሪያ ከጠበቀው ይልቅ የሚጮኸውም በዚህ ምክንያት ነው። ኮርኒስ ደግሞ በሌላ መንገድ ይሠራል። ብረቱን አይዘውም፤ ድምፁ ጆሯችን ሳይደርስ መንገድ ላይ ያደክመዋል። በየቤቱ የምናየው ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋው ኮርኒስ ቀላል ስለሆነ ብዙ አያደክምም፤ ከምንም ግን ይሻላል። በሁለት ድርብ ተሰፍቶ በመሐሉ ክፍተት ቢተውለት ልዩነቱ ይሰማችኋል። አይጦቹም ይሰማቸዋል፤ ሰፊ ሳሎን ሠራችሁላቸው ማለት ነው።

በዚሁ ምስማሩን እንይ። ውጡና የጣሪያችሁን ጫፍ ተመልከቱ፤ ምስማሩ የተመታው ከጉብታው አናት ላይ ነው ወይስ ከቦዩ ውስጥ? ለመምታት የሚቀለው ቦዩ ነው፤ ብረቱ እዚያ ሞራሌው ላይ ተኝቷል። ውሃው የሚወርደው ግን በቦዩ ነው። ብልህ አናጢ ጉብታው ላይ ይመታል፣ ከምስማሩ ቆብ ሥርም የጎማ ቁራጭ ያደርጋል። ቦዩ ላይ የተመታ ምስማር ካገኛችሁ ከሥሩ ያለው ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ፈልጉ።

የማታው መንቋቋትስ? ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል። ስድስት ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጣል፤ ጌዶ ላይ ፀሐይ ወጥታ ስትገባ ይህ በየቀኑ የሚሆን ነው። ወደ ጎን ሲለጠጥ ጉብታዎቹ ትንሽ ከፍ ዝቅ ብለው ይውጡታል። በቁመቱ ሲሆን ግን ምስማሩ ይይዘዋል፤ ይይዘውና ድንገት ይለቀዋል፤ ቋ! ሌባም ድመትም አይደለም። በዓመታት ብዛት ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል፤ «አናጢው በላን» ከሚባለው ውስጥ ገሚሱ የፀሐይ ሥራ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የበጋው ነጠብጣብ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረበት በታኅሣሥ ሌሊት፣ ሊነጋጋ ሲል ጠብ! ግንባር ላይ። ሰው ይነሳል፣ ወጥቶ ሰማዩን ያያል፣ ኮከብ ነው። ከዚያ «ይህ ቤት ያፈሳል» ብሎ ሬንጅ ሊገዛ ይሄዳል። ሬንጅ ግን አያድነውም፤ ውሃው ከውጭ አልመጣምና።

ጣሪያው ሌሊቱን በሙሉ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። ደመና ካለ ደመናው የተወሰነውን ይመልስለታል። ሰማዩ ከጠራ የሚመለስለት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ስሱ ብረት ከአካባቢው አየር እንኳ በላይ ይቀዘቅዛል። ውስጥ ደግሞ እኛ አለን። አንድ ሰው ተኝቶ ሲተነፍስ ብቻ ሌሊቱን ከቡና ሲኒ ያላነሰ ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። አምስት ሰው የተኛበት ቤት ላይ የምሽቱን ድስትና የጀበናውን እንፋሎት ጨምሩበት። ያ እርጥበት ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል። ግንባራችሁ ላይ የወደቀው የራሳችሁ ትንፋሽ ነው፤ ወይም አጠገባችሁ የተኛው ሰው።

ሳር ቤት ውስጥ ይህ የለም። ክዳኑ ወፍራም ስለሆነ የውስጥ ፊቱ እንዲህ አይቀዘቅዝም፤ እርጥበትም ይመጥጣል፣ ጭስም ያሳልፋል።

ይህንንም ሞክሩት። ጥርት ባለ የበጋ ምሽት ሁለት የድስት ክዳን ውጭ አሳድሩ፤ አንዱን ሜዳ ላይ፣ ሌላውን ከጠረጴዛ ሥር። ጠዋት በሁለቱም ላይ ጣታችሁን አሳልፉ። ሜዳ ላይ ያደረው ይረጥባል፤ ጠረጴዛ ሥር ያደረው ደረቅ ነው ወይም ለደረቅ የቀረበ። ሰማዩን ያየው ነው የቀዘቀዘው። መፍትሔው ሬንጅ ሳይሆን ከግድግዳውና ከጣሪያው መጋጠሚያ አየር የሚወጣበት ክፍተት መተው ነው። ብርድ ፈርተን ያንን ክፍተት በጨርቅ እየጠቀጠቅን ነጠብጣቡን በገዛ እጃችን እንጠራዋለን።

ቀጭን ብረት ዝናብ ላይ ቆሞ እንዴት ዝጎ አያልቅም? ላዩ ላይ የዚንክ ቅብ ስላለው ነው። ይህን ዘዴ በፈረንጆቹ 1837 ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ነው ያስመዘገበው። ዚንኩ ውሃውን ከማገዱም ሌላ፣ ቅቡ ተጭሮ ብረቱ ቢጋለጥ እንኳ አጠገብ ያለው ዚንክ እንደ ታላቅ ወንድም ቀድሞ ዱላውን ይቀበላል፤ እሱ እየተበላ ብረቱ ይተርፋል። ከቤት ሠሪ አንድ የአዲስ ቆርቆሮ ቁራጭና ትንሽ ጥቁር ሽቦ ለምኑ። ቆርቆሮውን በምስማር ጫሩት። ሁለቱንም በተለያየ ብርጭቆ የጨው ውሃ ውስጥ ለጥቂት ቀን ተዉአቸው። ሽቦው ቀይ ዝገት ያወጣል። ቆርቆሮው ላይ የምታዩት ነጭ ዱቄት ነው፤ ጭረቱ ግን ሳይቀላ ይቆያል። ያንኑ ነጭ ዱቄት ሱቅ ውስጥ እርጥብ ሆኖ ተደራርቦ የከረመ ቆርቆሮ ላይ ካያችሁ ቅናሽ ጠይቁ፤ ታላቅ ወንድሙ ገና ጣሪያ ሳይወጣ መበላት ጀምሯል።

ሱቅ ከገባችሁ አይቀር፣ «ባለ 32» እና «ባለ 35» የሚባለው ጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። ቁጥሩ እያደገ ነገሩ የሚሳሳ ደመወዛችን ብቻ መስሎን ነበር። ሻጩ ያለውን ከማመን እኩል ርዝመት ያላቸውን ሁለት ቆርቆሮዎች አንስቶ ማመዛዘን ይሻላል። ዋጋው ላይ ግን ሻጩን ብቻ አትውቀሱ። ፋብሪካዎቻችን የሚያጎብጡት ጥቅል ብረት በዶላር የሚገባ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዝናቡ በፊት የጀመራችሁት ክርክር ስለዚህ አልነበረም?

ቧንቧው ሲጠፋ ደግሞ ጣሪያው ይክሳል። ሜትሮሎጂ በሬዲዮ «20 ሚሊ ሜትር ዝናብ» ሲል፣ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው ብላችሁ አስሉት። ስምንት በአምስት የሆነ ቤት 40 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 800 ሊትር ይቀበላል። 40 ጀሪካን ማለት ነው፤ ማንም ወንዝ ሳይወርድ። ማመን ካቃታችሁ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ግቢው መሐል፣ ከጣሪያም ከዛፍም ርቆ አስቀምጡና ካባራ በኋላ በልጆቹ ማስመሪያ ለኩ።

ለመያዝ የሚያስፈልገው አሸንዳና በርሜል ነው። አሸንዳውን ወደ በርሜሉ ትንሽ አዘቅዝቃችሁ እሰሩት። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ውሃ የበጋ አቧራና የወፍ ኩስ ስላለበት ወደ ውጭ ልቀቁት፤ ለመጠጥ ከሆነ አፍሉት። በርሜሉንም ክደኑት፤ ትንኝ እንዳይፈላበት።