1957 በየትኛው ዘመን አቆጣጠር? ስለ ሠዓልያን ወረቀቶች አስቸኳይ ማሳሰቢያ

የአንድ ሠዓሊ መዝገብ ማለት የሥዕሎቹ ዝርዝር ብቻ ሳይሆን፣ ከሥዕሎቹ ጎን የሚቀሩት ንድፎች፣ ደብዳቤዎች፣ ፎቶግራፎችና ኔጋቲቮች፣ የኤግዚቢሽን መጥሪያዎች እንዲሁም በሸራ ጀርባ የተጻፉ ማስታወሻዎች ስብስብ ነው። ከአዲስ አበባ መሐል ወደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሚዛወሩ ቤተሰቦች ዕቃ መካከል ሥዕሉ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሲጫን፣ ወረቀቱ ግን «አሮጌ ነው» ተብሎ ለቁራሌው መሰጠቱ ባለሙያን ሁሉ ሊያስደነግጥ ይገባል።

ለዚህ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሕይወት በቂ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር የተወለደው ይህ ሠዓሊና ገጣሚ፣ የሃይማኖት መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ በነበሩት በአባቱ በአለቃ ደስታ ነገዎ ሥር አድጎ፣ ከ1957 እስከ 1961 በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ፣ ተመልሶም በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ካስተማረ በኋላ፣ በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ በ1981 በአሜሪካ ኦክላሆማ አረፈ። ጀርመን የቀሩ ሥዕሎቹ ሙኒክ ቆይተው ወደ አገር ተመልሰዋል፤ ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ በተሰየመው ማዕከል ይገኛሉ። እንዲህ በተበተነ ሕይወት ውስጥ ሥዕልን ከቦታውና ከዘመኑ ጋር የሚያስተሳስረው ሰነድ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉት ይጠበቁ፦

1. ፍሬም ሲቀየር የሸራውም ሆነ የፎቶው ጀርባ አይላጥ፣ በማስቲሽም አይሸፈን።

2. ፎቶግራፍ ፎቶ ኮፒ ቤት ተወስዶ ላሚኔት አይደረግ፤ በሙቀት የተጣበቀው ፕላስቲክ ምስሉን ሳይጎዳ አይነሣም።

3. ዘመን አቆጣጠሩ ይጻፍ። በአንድ የገብረ ክርስቶስ ንድፍ ላይ «1957» የሚል ቁጥር ቢገኝና አቆጣጠሩ የአውሮፓ ቢሆን፣ ንድፉ ገና ኮሎኝ የገባ ተማሪ ሥራ ነው፤ የኢትዮጵያ ቢሆን ግን እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1964 እስከ መስከረም 1965 ያለውን ጊዜ ስለሚያመለክት፣ በዚያው በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ያገኘው መምህር ሥራ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ብቻ ሳይሆን፣ ኮሎኝ በገባበት ጊዜና ከኮሎኝ በኋላ ያለ የአንድ ሰው ሕይወት ነው።

ይህን ሳያጣሩ የሚጽፉ ሰዎች ቁጥሩን እንዳለ ይገለብጣሉ፤ አንዱ «ዓ.ም.» ይጨምርበታል፣ ሌላው የአውሮፓ መስሎት እንደገና ስምንት ይቀንሳል፣ ሦስተኛው ከሁለቱ የተሻለውን መርጦ ታሪክ ነው ይላል። ሥዕልን በፊርማና በማኅተም የሚረከቡ አንዳንድ ተቋማትም ከሥዕሉ ጋር የመጣውን ካርቶን ለመረከብ ቅጽ የላቸውም፤ ቅጽ ስለሌለ ወረቀቱ ይመለሳል፣ የተመለሰውም ይጣላል። ሥዕሉን ወስዶ ሰነዱን መመለስ ከመጽሐፍ ሽፋኑን ብቻ እንደ መረከብ ነው!

አሮጌ ፎቶ የአዲስ ሥራ መነሻም ሊሆን ይችላል፦ ቻይናዊው ሠዓሊ ዣንግ ሺያዎጋንግ በ1990ዎቹ የታወቀባቸውን የቤተሰብ ሥዕሎች የጀመረው ከወላጆቹ ቤት ባገኛቸው አሮጌ ፎቶግራፎች ተነሥቶ ነው፤ ፎቶዎቹ ተጥለው ቢሆን ሥዕሎቹ በዚያ መልክ ባልኖሩ ነበር።

በሱሉልታ እርጥበት ሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ ሳጥን በአንድ ክረምት ይሻግታልና፣ ከወለል ከፍ ይደረግ። በየፎቶው ጀርባ፣ ከዳር በኩል፣ በለስላሳ እርሳስ ስም፣ ቦታና ዘመን ይጻፍ፤ ከዘመኑም አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይታከል። ይህንን መጻፍ የሚቻለው ፊቶቹን የሚያውቁ አዛውንት በሕይወት ሳሉ ብቻ ነው።