ቦይለር ያለው ምድጃ፦ ከእሳቱ በፊት ቧንቧው

በአየርላንድ ገጠር የከተማው የጋዝ መስመር የማይደርስበት መንደር ብዙ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ የብርዱን ወራት የሚገፋው ጓሮ በተቀመጠ ታንከር ላምባ፣ በኤሌክትሪክ፣ አለዚያም ሳሎን በተተከለ ምድጃ ነው። ምድጃው ቦይለር ያለው ከሆነ አንድ እሳት ሦስት ሥራ ይሠራል፦ ሳሎኑን ያሞቃል፣ በየክፍሉ ላሉት ራዲያተሮች ሙቅ ውኃ ይልካል፣ የመታጠቢያውንና የወጥ ቤቱን ውኃም ያሞቃል። አሮጌ ቤት ገዝቶ የሚያድስ ሰው ዓይኑን ቢጥልበት አያስገርምም። ብዙው ሰው የሚያየው ግን መስታወቱንና ነበልባሉን ነው። የሥራው ክብደት ያለው ከጀርባ፣ ቧንቧው ላይ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የጋዝና የላምባ ቦይለር ውኃው በቂ ሙቀት ሲያገኝ ቴርሞስታቱ እሳቱን ያጠፋዋል። አዲስ አበባ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የኤሌክትሪክ ቦይለርም እንደዚሁ ነው። እንጨትና ከሰል ግን አንዴ ከተያያዙ የአየር መግቢያው ቢዘጋም ፍሙ ቶሎ አይበርድም። ስለዚህ አዋቂ የሆነ ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን የሚጠይቀው፣ መብራት ጠፍቶ ውኃውን ወደ ራዲያተሮቹ የሚገፋው ፓምፕ ቢቆም ይህ ሁሉ ሙቀት ወዴት ይሄዳል? ብሎ ነው።

ምድጃው ከውጭ ሲታይ ከተራ ምድጃ አይለይም። የመስታወት በር፣ የአየር መክፈቻና የአመድ መሳቢያ አለው። ልዩነቱ እሳቱ ከሚነድበት ሆድ በስተጀርባ፣ በአንዳንዱም ዙሪያውን፣ በወፍራም ላሜራ ተበይዶ የተሠራ የውኃ መያዣ መኖሩ ነው። ቀዝቃዛው ውኃ በታች በኩል ይገባል፤ ሞቆ በላይ በኩል ይወጣል።

ሲገዙት ሁለት ቁጥሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንዱ ለክፍሉ የሚሰጠው ሙቀት ነው፤ ሌላው ለውኃው የሚሰጠው። ለክፍሉ 5፣ ለውኃው 8 ኪሎዋት የሚሰጥ ምድጃ እንውሰድ። 200 ሊትር ውኃ ከ10 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 11.6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ራዲያተሮቹ ተዘግተው ያንን ውኃ ብቻ ቢያሞቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃዋል። አንድ መካከለኛ ራዲያተር ከ1 እስከ 1.5 ኪሎዋት ይወስዳልና፣ ያው 8 ኪሎዋት አምስት ስድስት ራዲያተር ያሞቃል። «ትልቁ ይሻላል» ብሎ ከቤቱ ፍላጎት በላይ መግዛት ትርፉ ኪሳራ ነው። ሙቀቱ ሲበዛ ባለቤቱ አየሩን ይዘጋዋል፤ እሳቱ እየታፈነ ይጨሳል፤ ጭሱም ሬንጅ ሆኖ ጭስ ማውጫው ላይ ይለጠፋል። ያ ሬንጅ አንድ ቀን ራሱ እሳት ሊይዝ ይችላል።

ተከላው የሚጀምረው ከጭስ ማውጫው ነው። አሮጌ የጡብ ጭስ ማውጫ ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀ ስለሆነ በውስጡ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ 150 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ተጣጣፊ ቱቦ ይወርድበታል። ጭሱ በደንብ እንዲሳብ ከምድጃው በላይ ቢያንስ 4.5 ሜትር ከፍታ ይመከራል። ምድጃው የሚያርፍበት ወለልም እሳት የማይበላው መሆን አለበት፤ ፍም ቢወድቅ እንጨት ወይም ምንጣፍ እንዳያገኝ ንጣፉ ከፊት ለፊት አለፍ ብሎ ይዘረጋል።

ቀጥሎ አየር ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ለእኛ አገር ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እዚያም ገዳዩ ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። ስለዚህ የምድጃው መጠን ታስቦ ግድግዳው ላይ የማይዘጋ የአየር ቀዳዳ ይበጃል፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወልም ምድጃው ባለበት ክፍል ይሰቀላል። ብርድ ገባ ብሎ ቀዳዳውን በጨርቅ የሚወትፍ ሰው በገዛ ሕይወቱ እየቀለደ ነው።

አሁን ወደ ቧንቧው እንግባ። ሙቅ ውኃ ከቀዝቃዛው ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል። ባለሙያው ይህን ባሕርይ ተጠቅሞ ከምድጃው ሁለት ወፍራም የመዳብ ቧንቧዎችን፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 28 ሚሊሜትር፣ ፎቅ ላይ ወዳለው የሙቅ ውኃ ታንከር ይዘረጋል። ቧንቧው ከምድጃው ጀምሮ እየወጣ እንጂ የትም ወርዶ መሄድ የለበትም፤ ከወረደ አየር ይታቆርበታል። በታንከሩ ውስጥ በሚጠመዘዝ ቱቦ ሙቀቱን ለታንከሩ ውኃ ካስረከበ በኋላ የቀዘቀዘው ተመልሶ ይወርዳል። ይህ ዑደት ፓምፕ አያስፈልገውም፤ መብራት ቢጠፋም አይቆምም። በዚያው መስመር ላይ መዝጊያ ቫልቭ የሌለው አንድ ራዲያተር ይገጠማል፤ ትርፉን ሙቀት ሁልጊዜ ያፈሳል። ማንም ሊዘጋው እንዳይችል ሆን ተብሎ ነው ቫልቭ የተነፈገው።

የመጨረሻው መከላከያ ክፍት ቧንቧ ነው። ከምድጃው ተነሥቶ፣ ምንም ቫልቭ ሳይገባበት፣ ጣሪያ ሥር ካለ ትንሽ ክፍት ታንከር በላይ ይወጣና አፉን ወደ ታንከሩ አጎንብሶ ይቆማል። ውኃው ቢፈላ እንፋሎቱ በዚያ ይወጣል፤ የጎደለውን ውኃ ትንሹ ታንከር ይተካል። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ 1,600 ጊዜ ያህል ይጨምራል። መውጫ ያጣ እንፋሎት ቦይለሩን እንደ ቦምብ ሊያፈነዳው ይችላል።

ፓምፑ ያለው በራዲያተሮቹ መስመር ላይ ነው። ቧንቧው ላይ የታሰረ ቴርሞስታት ውኃው ወደ 55 ዲግሪ ሲጠጋ ያስነሣዋል። ከዚያ በፊት ቢነሣ ቀዝቃዛ ውኃ ወደ ምድጃው ይመለሳል፤ የጭሱ እርጥበት በቀዘቀዘው ላሜራ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርድና ብረቱን ይበላዋል። በሌላ በኩል የታንከሩ ውኃ አንዳንዴ ከ80 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ልጆች እንዳይቃጠሉ ከመታጠቢያው በፊት ቀዝቃዛውን ከሙቁ የሚያደባልቅ ቫልቭ ይገባል።

ማገዶውም የሥርዓቱ አካል ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል፤ እሳቱ ቤቱን ከማሞቁ በፊት ያንን ውኃ ሲያተን ጉልበቱን ይጨርሳል። ማገዶውን ሕግም ይቆጣጠረዋል፦ ደብሊን ጭስ የሚበዛበትን ከሰል መሸጥ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ በኋላ የወጣ ጥናት በአየሩ ውስጥ ያለው ጥቁር ጭስ ወደ 70 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ከኦክቶበር 31 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንቡ በመላ አገሪቱ ጸንቷል፤ ከ2 ሜትር ኩብ በታች የሚሸጥ እንጨትም በቂ ደረቅ እንዲሆን ግድ ሆኗል። ከረግረግ ተቆርጦ የሚደርቀውን ተርፍ በባህላዊ መብታቸው የሚቆርጡ ቤተሰቦች ለራሳቸው እንዲጠቀሙበት ተፈቅዶላቸዋል፤ በሱቅ ግን አይሸጥም።

እንግዲህ ይህ ምድጃ ለማን ይሆናል? ደረቅ እንጨት በቅርብ ለሚያገኝ፣ ቀን ቤት ለሚውልና እሳት መመገብ ለማይሰለቸው ይሆናል። ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚገባ ወይም ሙቀት እንዳያመልጥ በሚገባ የተሸፈነ አዲስ ቤት ላለው ግን አይመከርም። ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ በአየርላንድ ወይም በብሪታንያ አሮጌ ቤት የገዛችሁ ወይም የተከራያችሁ፣ ከእሳት ቦታው ጀርባ ሥራ ያቆመ ቦይለር ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ቧንቧው ተቆርጦ አፉ ከተደፈነና ውስጡ ውኃ ከቀረ፣ እሳት ሲነድበት ይፈነዳል፤ በዚህ ምክንያት የሞቱ ሰዎች አሉ። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሳያየው ክብሪት አትጫሩ፤ አዲስ ካስተከላችሁም የተከላውን ማረጋገጫ ወረቀት ተቀበሉ፤ ጭስ ማውጫውንም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ አስጠርጉ።