ትልቁ ሞተር ከኋላ ሲታይ ለምን የተጣመመ ይመስላል?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወርደው አስፋልት ሆሳዕናን አቋርጦ ያልፋል። ወደ አርባ ምንጭና ወደ ኦሞ የሚወርዱ የሩቅ አገር ሞተረኞችም ግራና ቀኝ ሳጥን ጭነው አልፎ አልፎ በዚሁ መንገድ ብቅ ይላሉ። እንዲህ ያለ ሞተር በቆመበት ሁሉ ሰው ይከበዋል። ከኋላው ዞሮ ያየ ሰው ደግሞ ግር የሚለው ነገር አያጣም፤ በአንዱ ጎን ከጎማው አጠገብ ወፍራም ብረት ተለጥፏል፣ በሌላው ጎን ባዶ ነው። አንዱ ሳጥን ከሌላው ይልቅ ወደ ውጭ ወጥቷል። ጎማው ራሱ ወደ አንድ ወገን የሸሸ ይመስላል። ተጋጭቶ ሻሲው ተጣሞ ይሆን የሚል ጥርጣሬ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ግን ሞተሩ ምንም አልሆነም፤ ከፋብሪካ የወጣው እንደዚያው ሆኖ ነው።

ሆሳዕና፣ ሾኔ፣ አንጋጫ ወይም ዱራሜ ላይ በየቀኑ የምናያቸው ቦክሰርና ቲቪኤስ ሞተሮች የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማ የሚያደርሱት በካቴና ነው። ካቴና ቀጭን ነው፤ ከጎማው ጎን የሚሻማው ቦታ ከሁለት ጣት አይበልጥም። ጎማውን የያዙት ክንዶችም ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ናቸው። ዓይናችን የለመደው ይህንን ነው።

ለረጅም ጉዞ ከሚሠሩት ትልልቅ ሞተሮች ብዙዎቹ ካቴና የላቸውም። በምትኩ ከካምቢዮው ተነስቶ እስከ ኋላ ጎማ የሚደርስ፣ በቱቦ ውስጥ የሚሽከረከር የብረት ዘንግ አላቸው፤ ሻፍት የሚባለው ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ቢኤምደብልዩ እ.ኤ.አ. በ1923 ያወጣው የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሉ፣ አር 32፣ የሚነዳው በሻፍት ነበር። የጣሊያኑ ሞቶ ጉዚም በዚህ ይታወቃል፤ ሆንዳም እ.ኤ.አ. በ1975 ጎልድ ዊንግን ሲያወጣ ይህንኑ መረጠ።

ሻፍቱ በጎማው መሀል ሊያልፍ አይችልም፤ መሀሉን ጎማው ይዞታል። ስለዚህ ወይ በግራ ወይ በቀኝ መሄድ አለበት። ጎማው ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጠብቀዋል። ሻፍቱ የተዘረጋው በሞተሩ ርዝመት አቅጣጫ ነው፣ የጎማው አክሰል ግን አግድም ተኝቷል። ጉልበቱ በ90 ዲግሪ መታጠፍ አለበት። ይህን የሚያደርገው አንድ ትንሽ ጥርስና አንድ ትልቅ ክብ ጥርስ ተናክሰው ነው፤ አይሱዙ ሥር ገብቶ ዲፈረንሻል የፈታ መካኒክ ጥንዱን ወዲያው ይለየዋል። ጥርሶቹ፣ ኩሽኔታዎቹና ዘይቱ በአንድ የብረት ቤት ውስጥ ይታሸጋሉ። ከጎማው ጎን ተለጥፎ የምናየው ወፍራም ነገር ይህ ቤት ነው። በሌላው ጎን እንዲህ ያለ ቤት አያስፈልግም።

ያን ያህል ቦታ በአንድ ወገን ሲወሰድ የጎማው መሀከለኛ ክፍል ወደ ጎን ይገፋል፤ የቸርኬው ክብ ግን ከፊተኛው ጎማ ጋር በአንድ መስመር እንዲሆን ተመልሶ ወደ መሀል ይመጣል። ከኋላ ስናይ ዓይናችን ጎማውን የሚመዝነው በዙሪያው ካለው ብረት አንጻር ነው። ብረቱ እኩል ስላልሆነ ጎማውን እንወቅሳለን።

በአንዳንዶቹ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። ቢኤምደብልዩ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው አር 80 ጂ/ኤስ ላይ የኋላውን ጎማ በአንድ ክንድ ብቻ ያዘው። ሻፍቱ የሚያልፍበት ቱቦ መጠንከሩ ካልቀረ እርሱ ራሱ ክንድ ይሁን፣ ሁለተኛው ይቅር ተባለ። ጎማው በአንድ ወገን ሙሉ በሙሉ ክፍት ስለሆነ እንደ መኪና ጎማ ብሎን ፈትቶ ማውጣት ይቻላል፤ ሩቅ አገር ጎማ ለሚፈነዳበት ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። በአንድ ወገን መያዙ የሚያሳስበው ሰው ካለ፣ የባጃጅን የኋላ ጎማዎች ጎንበስ ብሎ ይመልከት፤ እያንዳንዳቸው በአንድ ወገን ብቻ ተይዘው ነው ሰውና ጆንያ የሚሸከሙት።

የሳጥኖቹ እኩል አለመሆን ከማርሚታው ይመጣል። ሻፍቱ አንዱን ወገን ስለያዘ ማርሚታው ብዙ ጊዜ በሌላው ወገን ይሰቀላል፤ በዚያ በኩል ያለው ሳጥን ወይ ወደ ውጭ ይገፋል ወይ ሆዱ ይጎደጉዳል። ተዋንያኑ ኢዋን ማክግሪጎርና ቻርሊ ቡርማን እ.ኤ.አ. በ2007 ከስኮትላንድ ኬፕታውን ሲጓዙ ኢትዮጵያን ያቋረጡባቸው አር 1200 ጂ ኤስ ሞተሮች ሻፍታቸው በቀኝ፣ ማርሚታቸው በግራ ነበር። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2013 ሞዴሉን ሲቀይር የሁለቱን ጎን አቀያየረ። ሻፍት የግድ በዚህ ወገን ይሁን የሚል ሕግ የለም ማለት ነው።

አንዱ ጎን ከብዶ ሞተሩን አይጎትተውም ወይ? መሐንዲሶቹ የማርሚታውን፣ የባትሪውንና የሌላውንም ዕቃ ቦታ ሲመርጡ ይህንን ያስቡበታል፤ የቀረውን ትንሽ ልዩነት የነጂው ሰውነት ሳያውቀው ያስተካክለዋል። እንዲያውም በአንዳንድ ሞዴሎች የኋላው ጎማ ከመሀል መስመር በጥቂት ሚሊሜትር ሸሽቶ የሚቀመጠው ሆን ተብሎ ነው፤ በአነዳድ ላይ አይታወቅም።

እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ግን በዓይኑ አይፍረድ፣ ይለካ። በጎን ማቆሚያው ተደግፎ ያጋደለ ሞተር ሁልጊዜ የተጣመመ ይመስላል፤ መጀመሪያ ቀጥ ተደርጎ ይቁምና መሪው ይስተካከል። ከዚያ ግንበኛ የሚጠቀምበት ዓይነት ሲባጎ በኋላው ጎማ ጀርባ ዞሮ፣ ሁለቱ ጫፎች የጎማውን ጎኖች እየነኩ በግራና በቀኝ ወደ ፊት ይወጠሩ። ፊተኛው ጎማ ቀጠን ስለሚል በሁለቱም በኩል ክፍተት ይኖራል። ክፍተቶቹ እኩል ከሆኑ ጎማዎቹ በአንድ መስመር ላይ ናቸው። አንዱ ክፍተት ከሌላው ቢሰፋም በፊተኛው ጎማ ርዝመት ሳይለዋወጥ ከዘለቀ፣ የኋላው ጎማ ወደ ጎን ሸሸ እንጂ አልተጣመመም። ክፍተቱ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር እየሰፋ ወይም እየጠበበ ከመጣ ግን ጎማው በእርግጥ ተጣሟል።

ይህ ልኬት ይበልጥ የሚጠቅመው ለእኛዎቹ የካቴና ሞተሮች ነው። ካቴና በላላ ቁጥር አክሰሉ ወደ ኋላ ይሳባል፤ በግራና በቀኝ ያሉት ማስተካከያዎች እኩል ካልተጠበቁ ጎማው ይጣመማል፣ ካቴናውም ጥርሱን በአንድ ወገን ይበላዋል። ክንዱ ላይ የተቀረጹት ምልክቶች የተቀመጡት ለዚሁ ነው፣ ሁለቱንም አለማየት ዋጋ ያስከፍላል። የሻፍት ሞተር እንዲህ ያለ ማስተካከያ ስለሌለው ባለቤቱ በስህተት ሊያጣምመው አይችልም። ጭቃና አቧራ አይገባበትም፣ በየጊዜው ዘይት ቀቡኝ አይልም፤ የክረምቱን ጭቃ ለሚያውቅ ሰው የሚያስቀና ነገር ነው። ነገር ግን ከባድና ውድ ነው። ለቀን ሥራ ለሚወጣ ሞተረኛ የተበላ ካቴና በየከተማው ገዝቶ መቀየር መቻሉ ይበልጥበታል።

በሻፍት ሞተር ላይ ሊያሳስብ የሚገባው ትናንት ያልነበረ ለውጥ ነው። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወደ ጎን ሲያወዛውዙት የሚነቃነቅ ከሆነ፣ ከጥርሱ ቤት ዘይት ወደ ቸርኬው ከተንጠባጠበ፣ ወይም የተቀየረው ዘይት ውስጥ የብረት ቅንጣት ከታየ፣ ኩሽኔታው ሳይፈተሽ ያ ሞተር ከከተማ መውጣት የለበትም።