በሒሳብ ትምህርት አስጠኚ መቅጠር ይጠቅማልን?

የደሴንና የኮምቦልቻን የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የሚለያያቸው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ጭንቀት ግን በሁለቱም ስፍራ አንድ ነው፤ ይኸውም የሒሳብ ትምህርት ነው። ፈተና ሲቃረብ ገንዘብ ያለው አስጠኚ ይቀጥራል፤ የሌለው ከካልኩለስ ደብተሩ ጋር ብቻውን ያድራል። ለመሆኑ አስጠኚ መቅጠር ውጤትን ያሻሽላልን? የሚያሻሽልስ ከሆነ በምን ምክንያት ነው?

በመጀመሪያ የችግሩን ሥር እንመልከት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው የትምህርት ዘመን ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን እንደ ደረሰባቸው አንባቢ አይዘነጋውም። ከታች የጎደለው ትምህርት ደግሞ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አብሮት ይገባል።

ለምሳሌ ብዙዎቻችን (ሀ+3)² ሲባል ቸኩለን ሀ²+9 ብለን እንጽፋለን። በሀ ፈንታ 1ን ብናስገባ ግን የመጀመሪያው 16፣ ሁለተኛው 10 ይሆናል። ትክክለኛው ሀ²+6ሀ+9 ነው። ይህን የሳተ ተማሪ የካልኩለስ ጥያቄ ሲበላሽበት «ካልኩለስ አልገባኝም» ይላል፤ የጎደለው ግን የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ነው።

እንግዲህ የአስጠኚ ዋና ጥቅም ይህን ስሕተት ፈልጎ ማግኘቱ ነው። መምህሩ ብዙ ተማሪ በሞላበት አዳራሽ የእያንዳንዱን ደብተር ሊያይ አይችልም። አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ቤንጃሚን ብሉም እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. በጻፈው ጽሑፍ በግል የተረዱ ተማሪዎች በክፍል ብቻ ከተማሩት እጅግ እንደሚበልጡ ገልጿል። ኩርት ቫንሌን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ብዙ ጥናቶችን ሲያነጻጽር ጥቅሙ እውነት ቢሆንም ብሉም ከገመተው ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ያለፈውን ዓመት ፈተና እየሠራ «ይህን ሸምድድ» የሚል አስጠኚ ግን ለአንድ ሌሊት ያሳልፍ እንደ ሆነ ነው እንጂ፣ ጥያቄው መልኩን ሲለውጥ ተማሪውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

ከዚህ ሌላ የፍትሕ ጥያቄ አለ። ከደላንታ ወይም ከለጋምቦ የመጣ የገበሬ ልጅ አባቱ የላከለት ገንዘብ ለደብተርና ለሳሙና እንኳ ካልበቃው የአስጠኚ ዋጋ ከየት ያመጣል? በሒሳብ ወድቆ ከትምህርቱ ቢሰናበት ጉዳቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ተስፋ ያደረገበት ቤተሰብ ሁሉ ነው።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ዩሪ ትራይስማን የተባለ የሒሳብ መምህር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በበርክሊ፣ በካልኩለስ የሚወድቁትን ጥቁር ተማሪዎች ሲያጠና ሰነፎች ሆነው አላገኛቸውም፤ ተግተው ያጠኑ ነበር፤ ነገር ግን ለየብቻቸው ነበር። የቻይና ተወላጆች የሆኑት ጓደኞቻቸው በአንጻሩ ተሰብስበው አንዱ የሌላውን ሥራ ያርም ነበር። ትራይስማን ከበድ ያሉ ጥያቄዎችን በቡድን እንዲሠሩ ባደረጋቸው ጊዜ ውጤታቸው ከፍ አለ።

ይህ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት የበሰለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ታናሹን ያሠለጥናል፤ በወሎ የቂርአት ቦታዎችም ቀድሞ የቀራው ደረሳ ጀማሪውን ያስቀራል። የሚያስተምረውም ሲያስተምር ይበልጥ ይገባዋል።

ስለዚህ በየመኝታ ቤቱ ከአራት እስከ ስድስት ሰው ያለበት የሒሳብ ማኅበር እናቋቁም። እያንዳንዱ በመጀመሪያ ለብቻው ይሥራ፤ ከዚያ ሥራውን ለጓደኞቹ ያስረዳ፤ «ለምን?» ተብሎም ይጠየቅ። ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት የደረስነውም በሳምንት አንድ ማታ አናጓድልባቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።